ለመነኩሲቷ የተቆፈረ ጉድጓድ

በአንዲት መምህርት ታሪክ እንጀምር። ዘመኑ 1984 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ)። ቦታው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት፣ የፊላደልፊያ ከተማ ነው። መምህርቷ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ1970 ጀምሮ ያስተማረች ሙስሊም ናት። በ1982 ከፊቷና ከእጆቿ በስተቀር ሰውነቷን መሸፈን ሃይማኖቷ የሚያዝዛት ግዴታ መሆኑን አምና ረጅም ልብስና ሒጃብ መልበስ ጀመረች። ሁለት ዓመት ያህል በዚሁ አለባበሷ ክፍል ገብታ አስተማረች። በልብሷ ሳቢያ የተነሣ ችግር አልነበረም። በ1984 ግን በተተኪ መምህርነት በተላከችባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ርእሳነ መምህራኑ አንድ ዓይነት ነገር ነገሯት። የክፍለ ግዛቱ ሕግ በሃይማኖት ልብስ ማስተማርን ይከለክላልና ቤትሽ ሄደሽ ልብስሽን ለውጠሽ ተመለሺ አሏት። አልለውጥም አለች። በሦስቱም ቀናት ሳታስተምር ቀረች።

ርእሳነ መምህራኑን ለመውቀስ አልቸኩልም። የጠቀሱት ሕግ በእርግጥ ነበረ፤ እነርሱ የፈጠሩት ሰበብ አልነበረም። ጥያቄው ሌላ ነው። የሃይማኖት ነፃነትን በሕገ መንግሥቷ የመጀመሪያ ማሻሻያ ላይ ባሰፈረች አገር ውስጥ፣ ሒጃብ የለበሰች መምህርትን ከክፍል የሚያስወጣ ሕግ ከየት መጣ? ማን ጻፈው? ማንንስ አስቦ ጻፈው?

መልሱ ብዙዎቻችንን ሊያስገርም ይችላል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስለ ሙስሊም ሴት ጭራሽ አላሰቡም ነበር።

በዚያው በፔንሲልቫኒያ ጋሊትዚን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያች ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት የካቶሊክ መነኩሲቶች ተቀጥረው በምንኩስና ልብሳቸው ያስተምሩ ነበር። ይህ ያላስደሰታቸው ሰዎች ከሰሱ። በ1894 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመነኩሲቶቹ ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ልብሱ የመምህርቷን እምነት ቢያሳውቅም ልብስ መልበስ ሃይማኖት ማስተማር አይደለም የሚል ነበር። የምታስተምረው ሒሳብና ንባብ እስከሆነ ድረስ ምን ለበሰች ተብላ አትባረርም ማለት ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ላይ በዚያች ክፍለ ግዛት ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ አስተዋዩ ይኸኛው፣ የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው ግን አንድ ዓመት ብቻ ሆነ።

ከአየርላንድ፣ ከኢጣሊያና ከፖላንድ የሚጎርፈው ካቶሊክ ስደተኛ በዚያን ጊዜ ለብዙ ፕሮቴስታንት አሜሪካዊ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነበር። ታማኝነቱ ለአገሩ ሳይሆን ለሮማው ጳጳስ ነው፣ ልጆቻችንን ሊወስድብን ነው፣ ትምህርት ቤቶቻችንን ሊቆጣጠር ነው ይባል ነበር። (ዛሬ ስለ ሙስሊም ስደተኛ የሚባለውን የሚከታተል አንባቢ ዜማው እንግዳ አይሆንበትም።) ስለዚህ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ1895 አዲስ ሕግ አወጣ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ማንኛውም ሰው የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ማኅበረ ምእመናን አባል መሆኑን የሚያመለክት ልብስ፣ ምልክት ወይም ዓርማ ለብሶ እንዳያስተምር ከለከለ። የጣሰ መምህር ለአንድ ዓመት ይታገዳል፣ ሁለተኛ ከደገመ ደግሞ በዚያ ትምህርት ቤት እስከ መጨረሻው አያስተምርም። ዝም ብሎ ያየ የትምህርት ቦርድ አባልም በገንዘብ ይቀጣል።

ልብ በሉ፣ በሕጉ ውስጥ «ካቶሊክ» የሚል ቃል የለም፣ «መነኩሲት» የሚልም የለም። «ማንኛውም መምህር» ነው የሚለው። አድልዎ ሁልጊዜ ስም ጠርቶ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የእኩልነት ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ሁሉንም እኩል እከለክላለሁ ይላል፤ የሚከለክለው ነገር ግን ከልካዩ ራሱ የማያስፈልገውን ነገር ነው። የ1895ቱ ፕሮቴስታንት የምክር ቤት አባል ሕጉን ሲያጸድቅ እርሱ የሚያወልቀው አንድም ልብስ አልነበረውም።

«ጉድጓድ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላሉ አባቶቻችን። ከመነኩሲቷ በኋላ መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ የገባችው ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን የሆነች ሴት ነበረች። በላንካስተር አውራጃ የምታስተምር አንዲት ሜኖናይት ናት። ሜኖናይቶች በአገራችንም የታወቁ ናቸው፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው ከእነርሱ ሚሲዮን ነው። ሴቶቻቸው ቀላል፣ ጌጥ የሌለበት ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ፀጉራቸውንም ይሸፍናሉ። ይህችም መምህርት እንደ እናቶቿ ለብሳ አስተማረች። ጉዳዩ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1910 ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸናው። ከሰባ አራት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የፊላደልፊያዋ ሙስሊም ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፋዬ ልግባ። ፔንሲልቫኒያ በ1955 በሥራ ቅጥር ላይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር አድልዎ ማድረግን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚያስፈጽመውም ኮሚሽን ተቋቁሟል። የ1895ቱ ሕግ ግን አልተሻረም። ሁለቱ ሕጎች፣ አንዱ በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛን አታባርር የሚለው፣ ሌላው በሃይማኖት ልብሷ ምክንያት መምህርቷን አባርር የሚለው፣ በአንድ ክፍለ ግዛት የሕግ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስልሳ ስምንት ዓመት ተቀምጠዋል። በ1964 ደግሞ የአገሪቱ ኮንግረስ ታላቁን የሲቪል መብቶች ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ውስጥ አድልዎ እንዲፈጸም የሚያስገድድ የክፍለ ግዛት ሕግ ለአሠሪው መሸሸጊያ እንደማይሆን የሚናገር አንቀጽ አለ። በ1972 በተጨመረው ማሻሻያ አሠሪ የሠራተኛውን የእምነት ግዴታ ማስተናገድ እንዳለበት ተደነገገ። አሠሪው ነፃ የሚሆነው ማስተናገዱ «ከመጠን ያለፈ ችግር» የሚያመጣበት ከሆነ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ እያለ መምህርቷ ተሸነፈች። የከሰሰው ደግሞ እርሷ ብቻዋን አልነበረም፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ራሱ ስለ እርሷ ከሳሽ ሆኖ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በትምህርት ቦርዱ ላይ ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ግን በ1990 ፍርዱን ገለበጠው። ምክንያቱን ቀለል አድርጌ ላቅርበው። ቦርዱ መምህርቷ በሒጃብ እንድታስተምር ቢፈቅድ ኃላፊዎቹ በ1895ቱ ሕግ መሠረት ለክስ፣ ለቅጣትና ከሙያቸው ለመባረር ይጋለጣሉ። ይህ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ችግር ነው። ስለዚህ ቦርዱ እርሷን የማስተናገድ ግዴታ የለበትም።

ክርክሩ እንዴት እንደሚዞር ታያላችሁ? አሠሪውን ችግር ውስጥ የሚከተው ያው አድሏዊ ሕግ ነው። ያ ችግር ደግሞ አድሏዊውን ሕግ ከእኩልነት ሕግ የሚያድነው ጋሻ ሆነ። የጎረቤቱን መንገድ በአጥር የዘጋ ሰው «አጥሩን ዘሎ ማለፍ አደገኛ ስለሆነ አታልፍም» ቢል እንዴት ያለ ዳኛ ነው የሚቀበለው?

ነገር ግን ፍትሐዊ እንሁን። ፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ምክንያትም ነበረው፣ ያ ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የማንም ሃይማኖት ወገን መምሰል የለበትም፣ ሕፃናት ደግሞ መምህራቸውን እንደ አርአያ ያያሉ የሚል ነው። ይህን ክርክር በቁጣ ከመጣላችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። የሰባት ዓመት ልጃችሁን የምታስተምረው በትልቅ መስቀልና በምንኩስና ልብስ የቆመች መነኩሲት ብትሆን ምን ይሰማችሁ ነበር? ብዙዎቻችን በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ የምንገኝ ይመስለኛል። እንግዲህ ሥጋቱ የጠላት ፈጠራ ብቻ አይደለም። የ1894ቱ ፍርድ ቤት ግን መስመሩን ትክክለኛው ቦታ ላይ አስምሮት ነበር። መምህሩ ቢሰብክ፣ ልጆችን ወደ እምነቱ ቢስብ፣ የሌላውን ልጅ ቢያሳንስ ይጠየቅ። ምን አደረገ ተብሎ ይጠየቅ እንጂ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅ። ሒጃብ የለበሰችው መምህርት ሁለት ዓመት ስታስተምር በልብሷ የተነሣ ችግር አለመታየቱ መስመሩ ከዚያው ቢቀር ምንም እንደማይፈርስ ይመሰክራል።

በዚህ ላይ «ከመጠን ያለፈ ችግር» የሚለው ሐረግ ራሱ ምን ያህል የላላ እንደነበረ መናገር ያስፈልጋል። በ1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅዳሜን በሚያከብር አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ አሠሪው ከእዚህ ግባ የማይባል ወጪ በላይ እንዲያወጣ አይገደድም ብሎ ወስኖ ነበር። ቃሉ «ከመጠን ያለፈ» ይላል፣ ትርጉሙ ግን «ትንሽ እንኳ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ጁሙዓ ለመስገድ አንድ ሰዓት የጠየቀ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሒጃብ የለበሰች ሁሉ ችሎት ፊት ሲቆም ያ ፍርድ ይጠቀስበት ነበር። በ2009 በዚያችው በፊላደልፊያ ከደንብ ልብሷ ጋር ሒጃብ ለመልበስ የጠየቀች አንዲት ሙስሊም ፖሊስ የተረታችው በዚሁ በላላው መለኪያ ነው። መለኪያው የተስተካከለው ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 ነው። አሁን አሠሪው ከሥራው ስፋት አንጻር ከፍ ያለ ወጪ እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የወሰነው በሙሉ ድምፅ ነው። ጉዳዩን ያነሣው ሰው ማን መሰላችሁ? እሑድ አልሠራም ያለ ክርስቲያን ፖስተኛ ነው። ያውም ሜኖናይቷ መምህርት ከነበረችበት ከላንካስተር አውራጃ። የሙስሊም፣ የሲክና የአይሁድ ድርጅቶች ከእርሱ ጎን ቆመው ለፍርድ ቤቱ አስተያየታቸውን አቅርበው ነበር። ዛሬ በአሜሪካ አንድ ሙስሊም ሠራተኛ ለጁሙዓ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚጠቅሰው የዚያን ክርስቲያን እሑድ ነው።

እስካሁን ያነበበ ሰው የክፍለ ግዛት ሕግ ሁሉ የክፋት ምንጭ ነው ብሎ እንዳይደመድም፣ የሳንቲሙን ሌላ ገጽ ላሳይ። በአሜሪካ ከአድልዎ የሚከላከለው ሕግ የተጀመረው ከዋሽንግተን አይደለም፣ ከክፍለ ግዛቶች ነው። ማሳቹሴትስ በእንግዳ ማረፊያዎችና በሕዝብ መዝናኛ ስፍራዎች በቀለም ምክንያት ማግለልን በሕግ የከለከለችው በ1865 ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1883 የአገሪቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ሲያፈርስ፣ ብዙ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ከነዚህም አንዷ ሚቺጋን ነበረች። በዲትሮይት ከተማ ዊልያም ፈርጉሰን የሚባል ጥቁር ነጋዴ በ1889 ምግብ ቤት ገብቶ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ሌላኛው ክፍል ካልሄደ እንደማይስተናገድ ተነገረው። ከሰሰ። በ1890 የሚቺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጥቁርና ለነጭ የተለያየ ወንበር ማዘጋጀት ራሱ አድልዎ ነው ብሎ ፈረደለት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ለየብቻ ሆነው እኩል ናቸው» የሚለውን አሳፋሪ ፍርድ የሰጠው ከዚህ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ፈርጉሰን ደግሞ በሚቺጋን ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ለመሆን በቃ።

በግል ሥራ ቅጥር ላይ አድልዎን የከለከለው የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ሕግ የኒውዮርክ ነው፤ አገረ ገዥው ቶማስ ዱዊ በመጋቢት 1945 ፈረሙበት። ከፌዴራሉ ሕግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀድማል። ዛሬም ቢሆን የፌዴራሉ ሕግ እንደ ወለል ነው፤ ክፍለ ግዛት ከዚያ በላይ መሥራት ይችላል። የፌዴራሉ የሥራ ሕግ አሥራ አምስት ሠራተኛ የሌለውን አሠሪ አይነካም። በሚኒሶታ ግን አንድ ሠራተኛ ያለውም ይጠየቃል፣ በካሊፎርኒያ አምስት ይበቃል። ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን፣ የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ባለበትም በ300 ቀን ውስጥ ነው። ሚኒሶታና ዋሽንግተን ዲሲ አንድ ዓመት ይሰጣሉ፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ሦስት ዓመት። በነዚህ ስፍራዎች የምትኖሩ አንባቢያን ይህን ቁጥር ከማቀዝቀዣው በር ላይ ብትለጥፉት አይከፋም። ሕግ ራሱ ተነሥቶ ቤት አያንኳኳም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ የቱንም ያህል የተበደለ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ካሊፎርኒያ በ2012 ያወጣችው ማሻሻያ በተለይ የሚደነቅ ነው። የሃይማኖት ልብስና የፀጉር ወይም የጢም አያያዝ በሕጉ የሚጠበቅ የእምነት ክፍል መሆኑን በግልጽ ጻፈች። ከዚህም አልፋ ሠራተኛዋን ከደንበኛ ዓይን ሰውሮ ጓዳ ማሠራት «ማስተናገድ» ተብሎ እንደማይቆጠር ደነገገች። ይህን ያህል የገባው ሕግ አውጪ ብርቅ ነው። ሒጃብሽን ልበሺ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ሥሪ የሚል አሠሪ ፈርጉሰንን ወደ ሌላኛው ክፍል ከላከው ባለ ምግብ ቤት በምን ይለያል?

ወደ ፔንሲልቫኒያው ጉድጓድ እንመለስ። በ2003 አንዲት የመምህር ረዳት በአንገቷ ባንጠለጠለችው ትንሽ መስቀል ምክንያት ያው ሕግ ተጠቅሶባት ለአንድ ዓመት ታገደች። በዚያው ዓመት የፌዴራል ፍርድ ቤት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ አዘዘ። እዚህ ላይ «ክርስቲያኗ አሸነፈች፣ ሙስሊሟ ተሸነፈች» የሚል ድምፅ ከአንባቢያን መካከል ሲነሣ ይሰማኛል። ይህን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም። ግን ጉዳዮቹ የቀረቡት በአሥራ ሦስት ዓመት ልዩነት፣ በተለያዩ ፍርድ ቤቶችና በተለያየ የሕግ መሠረት ነው፤ አንዱ በሥራ ሕግ፣ ሌላው በሕገ መንግሥቱ። ይልቅ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ለመነኩሲቷ የተቆፈረው ጉድጓድ መቶ ስምንት ዓመት ሲሞላው የቆፋሪዎቹን የልጅ ልጆች መዋጥ ጀምሮ ነበር።

ተመሳሳይ ሕግ የነበራቸው ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም እንዲሁ ሆነባቸው። ኦሪጎን በ1986 ነጭ ጥምጥም ያሰረች የሲክ እምነት ተከታይ መምህርት ላይ ሕጉን አጽንታ ነበር፤ በ2010 ሻረችው። በኔብራስካ ጉዳዩ ተመልሶ ከመነሻው ደረሰ። አንዲት የካቶሊክ መነኩሲት በተተኪ መምህርነት ልታገለግል ጠይቃ በልብሷ ምክንያት ተከለከለች፤ በዚህ የተነሣ በ1919 የወጣው ሕግ በ2017 ተሻረ። የመጨረሻዋ ፔንሲልቫኒያ ናት። የሁለቱም ፓርቲዎች እንደራሴዎች ተባብረው ያቀረቡት የመሻሪያ ረቂቅ በኅዳር 2023 ተፈረመ። ከ1895 እስከ 2023 መቶ ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ያቺ የፊላደልፊያ መምህርት ግን በዚህ ሁሉ ምንም አላተረፈችም። ሕግ ሲስተካከል ለሚመጣው ነው እንጂ ላለፈው አይደርስም።

ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ባወራሁ ጊዜ አንደኛው «ይኸው፣ እዚያም ይጠሉናል» አለ። ሌላው «ይኸው፣ እዚያ በመጨረሻ ፍትሕ አለ» አለ። ሁለቱም የሚያዩት ራሳቸውን ብቻ ነው። በ2025 መጀመሪያ በአክሱም ከተማ በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት የታገዱ ሴት ተማሪዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስና ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ሲታዘዝ ብዙዎቻችን ሌሊቱን ሙሉ ዜናውን ስንከታተል ነበር። ልክ ነበርን። ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ሌላው ሲገፋ እንዲሁ እንቅልፍ ያጣነው? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ ለፍትሕ እንድንቆም ሲያዝ በራሳችንም ላይ ቢሆን ብሎ ነው። ይህን አንቀጽ በየኹጥባው እንሰማዋለን። ስንሰማውም ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የምናየው ሌላውን ሰው ነው።

አንድ ፈተና ላቅርብ። በሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ የሚሠሩ የታክሲ ሾፌሮች፣ አብዛኞቹ የሶማሊያ ተወላጅ ሙስሊሞች፣ የታሸገ መጠጥ የያዘ መንገደኛ አንጭንም ማለት ጀምረው ነበር። በ2006 ኤርፖርቱ የማይጭኑት ሾፌሮች በመኪናቸው ጣሪያ ላይ የተለየ ቀለም ያለው መብራት እንዲያደርጉ አሰበ፤ ሕዝቡ ተቆጣና ሐሳቡ ቀረ። በ2007 መንገደኛን እንዲህ የሚመልስ ሾፌር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠላሳ ቀን፣ ሲደግም ለሁለት ዓመት ፈቃዱን እንዲያጣ ተወሰነ። ዓሊሞችም በጉዳዩ ተለያይተው ነበር። መጠጥ የያዘ ሰው በአድልዎ ሕግ የሚጠበቅ ወገን አይደለም፤ ስለዚህ የመብራቱ ሐሳብ ጨርሶ መጥፎ ነበር አልልም። ነገሩ ግን በጠርሙስ አያበቃም። ዓይነ ስውሩን የሚመራ ውሻስ? እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ታክሲ የመሪ ውሻ ባለቤትን መመለስ አይችልም። ሾፌሩ በእምነቴ ምክንያት አልጭንም ማለት ከቻለ፣ ነገ ሒጃብ የለበሰች ሴት በእምነቴ ምክንያት አልጭንም የሚል ሾፌር ሲመጣ በምን አፋችን ነው አቤት የምንለው?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ቤት ለመከራየት የዞረ ሰው የኪራዩ ዋጋ ከመነገሩ በፊት «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። እኛም ተጠይቀን ተመልሰናል። እኛም አከራይ ስንሆን ጠይቀን መልሰናል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 25 ሰው በሃይማኖቱ ሳይለይ እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳለው ተጽፏል፤ ከዚያ ጽሑፍ እስከ አከራዩ ደጃፍ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። አሜሪካም ብትሆን በዚህ ሙሉ አይደለችም። የ1968ቱ የቤቶች ሕግ ከአራት የማይበልጡ መኖሪያዎች ባሉት ሕንፃ ውስጥ ራሱ የሚኖርን አከራይ በብዙው ነፃ ይተወዋል።

በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ታክሲ የሚነዳ አንድ ዘመዴ ባለፈው ለዒድ ሲመጣ ይህንኑ አንሥተን ስንጨዋወት ነበር። አንድ ጊዜ አፓርትማ ሊከራይ በስልክ ተስማምቶ ከባለቤቱ ጋር ሲሄድ፣ አከራዩ ሒጃቧን አይቶ ቤቱ ተይዟል ይላቸዋል። በሳምንቱ ማስታወቂያው እንደገና ይወጣል። ዘመዴ አመለከተ፤ ቅጹን ከሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤቱ ወስዶ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ይሞላ ጀመር። «አንድ ቦታ ላይ» አለኝ፣ «የተከለከሉት ለምን ይመስልዎታል የሚል ጥያቄ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። በዚያው ሳምንት መሪ ውሻ የያዘች አንዲት ሴትዮ መንገድ ዳር ትቻት ሄጄ ነበር። ዝናብ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ቅጹን ሞላሁት» አለ። «ሴትዮዋን ግን የት አገኛታለሁ?»